በግ የማይታረድለት ነገር

ኦዱምክሮ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1997

ለእህቴ ልጅ፣ ለልጄ ለክዋኩ ሳርፖንግ፣

ከነቤተሰብህ እንዴት ከረምክ? ሚስትህ ኮምፎርት ደህና ናት? ዓይናቸውን ያላየሁት ሁለቱ የልጅ ልጆቼስ? እኛ ከጉልበቴ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ያለፉት እናቶቻችን ባለህበት ይቁሙልህ፤ የምትረግጠውን መሬት ያለስልሱልህ።

ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አልሰጠሁትም። ጨርቅ ልትገዛ ወደ እናንተ የምትመጣው ሴሊና በጉያዋ ይዛዋለች። ስለዚህ ሳልሸፋፍን እጽፍልሃለሁ።

አጎትህ ሹሙ ካረፈ ወዲህ የሹመት በርጩማው ባዶ ነው። አዲሱን ሹም ማጨት የእኔ የንግሥት እናቲቱ ፋንታ መሆኑን ታውቃለህ። እስከ ሦስት ጊዜ አጫለሁ፤ ሦስቱንም ካልተቀበሉኝ ሽማግሌዎቹ የራሳቸውን ሰው ያመጣሉ። እኔም መንሳን አጨሁ። ልጇ ስለሆነ ነው የሚል ይበል። ዕድሜውን ሙሉ የኮኮዋ ሚዛን ላይ ቆሞ የአንድ ገበሬ ጆንያ ያላጎደለ ሰው በዚህ ከተማ ሌላ ካለ ያምጡልኝ።

ሽማግሌዎቹ በእልልታ ተቀበሉት። ለሹመቱ ነጭ ሸክላ የሚቀባበት ቀን ተቆርጦ ሳለ ለበርጩማው የሚፎካከረን የላይኛው ቤት አለቃ ኦፓኒን ፎርኩዎ ብድግ ብሎ ወረቀት ዘረጋ። ከለንደን ፍርድ ቤት የመጣ ወረቀት ነው። መንሳ ባፎ የተባለ ሰው ከሱቅ ካፖርት ሰርቆ ተፈርዶበታል ይላል።

ልጄ ለንደንን በፎቶ ካልሆነ አይቶ አያውቅም። ለንደን የሄደው ፓስፖርቱ ነው። መንሳ ለሥልጠና ብሎ አውጥቶት ጉዞው ሲቀር ከሳጥኔ አውጥቼ በእጅህ ያስጨበጥኩህ እኔ ነኝ። መልካችሁ የአንድ አያት መልክ ነው፤ የትኛው ፖሊስ ለይቶ? ስለዚህ ካፖርቱን ማን እንደወሰደው እኔም አንተም መንሳም እናውቃለን። በዚህ አልቆጣህም። ብርድ ብርድ ነው።

አሁን ነገሩ ወደ ክልሉ የሹማምንት ሸንጎ ሄዷል። ሕጉ «ሞራል ተርፒቲዩድ» ባለበት ጥፋት የተፈረደበት ሰው በርጩማ ላይ አይቀመጥም ይላል አሉ። ፎርኩዎ ቃሉን እንደ ከረሜላ በአፉ እያገላበጠ መንደር ለመንደር ይዞራል። ምን ማለት ነው ሲሉት «መንሳን ጠይቁት» ይላል። አንተ ከቃሉ ባለቤቶች ጋር ነው የምትኖረውና ጠይቀህ ጻፍልኝ። ሌላውን የምፈልገውን ነገር ሳልጽፈው ታውቀዋለህ።

እናትህ ናና አፉዋ ድዎሞ


ለንደን፣ ማርች 30 ቀን 1997

ለተከበሩ እናቴ ለናና አፉዋ ድዎሞ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ከእግርዎ ሥር ይድረስ። ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎ? ኮምፎርትና ልጆቹ እጅ ይነሳሉ። ዕድሜዎ ይርዘም፣ ጥላዎ አይራቀን።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። መልሱ የዘገየው አውቶቡሶቹን የምናጥብበት ጋራዥ ሰው ስለጎደለው ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ስለ ቃሉ ጠይቄያለሁ። መጀመሪያ የጠየቅኋት አለቃዬን ዶሪንን ነው፤ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያረጀች ሴት ናት። ቃሉን ስነግራት ሳቀች። «እኔ'ኮ ባሌን ያላልኩት ነገር የለም፤ እንዲህ ብዬው ግን አላውቅም» አለችኝ። ቤተ መጻሕፍት ሄጄ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ዝቅጠት፣ የነፍስ ብልሹነት ይላል። «ዝቅጠት» የሚለውን ፈልጌ ሳገኝ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ቃል መልሶ ላከኝ። በመጨረሻ ከቤተ ክርስቲያናችን ልጆች ሕግ የሚማረውን አሲባይን ያዝኩት። እሱ እንደሚለው ቃሉ ከሰው አፍ ሳይሆን ወረቀት ላይ ነው የሚኖረው፤ ሰው ሲሾሙ፣ ሲያባርሩ፣ ወደ አገር ሲያስገቡና ሲከለክሉ ብቻ ከመሳቢያ ይወጣል። ዳኞች ራሳቸው ትርጉሙን አይነግሩህም አለኝ። ጥፋት ሲቀርብላቸው ብቻ «ይኼኛው አለበት፣ ያኛው የለበትም» ይላሉ። ሰክሮ መደባደብ ተርፒቲዩድ የለበትም። ሐሰተኛ ሰነድ መሥራት ግን ተርፒቲዩድ አለበት። ስርቆት አብዛኛውን ጊዜ አለበት፤ የተራበ ሰው ዳቦ ቢያነሳ ግን ያከራክራል።

እንግዲህ እናቴ፣ ጥሩ ጠበቃ ይቁምልን። ያ ክረምት ውኃው ቧንቧ ውስጥ በረዶ የሆነበት ክረምት ነበር፤ ካፖርት በብርድ ጊዜ እንደ ዳቦ ነው ብሎ ይከራከር። ተርፒቲዩድ የለበትም ካሉ መንሳ ነጻ ነው።

ስለ ሌላው ነገር ሐሳቤን ሰብሰብ አድርጌ እጽፍልዎታለሁ። ለሹመቱ በዓል የሚሆን ትልቅ ድምፅ ማጉያ በመርከብ ልኬያለሁ።

ልጅዎ


ኦዱምክሮ፣ ሜይ 18 ቀን 1997

ለልጄ ለክዋኩ፣

ሰላምታዬ ለአንተ፣ ለኮምፎርትና ለልጆቹ ይሁን። ዝናቡ በጊዜው ገብቷል፣ የፕላንቴን ሙዙ አምሮበታል። ጤና አይንሳህ።

ድምፅ ማጉያው ደረሰ። ጮክ ብሎ የሚያናግር ዕቃ ላክህልኝ፣ የሚነገረውን ነገር ግን አስቀረህ። ደብዳቤህንም «ልጅዎ» ብለህ ዘጋኸው። የትኛው ልጄ? ሁለት ናችሁ።

የጻፍከውን ለሽማግሌዎቹ በረንዳዬ ላይ አነበብኩላቸው። ቃል አቀባያችንን ታቢሪን ታስታውሰዋለህ። ከሸንጎ የመጣውን ቃል በእኛ ቋንቋ የመመለስ ግዴታው የእሱ ነውና ላብ አጠመቀው።

«ውርደት በለው» አለ አንዱ።

«ውርደት ሰው ላይ የሚደርስ ነው፣ ይኼ ሰው የሚሠራው ነው» አለ ታቢሪ።

«እሺ፣ ነውር።»

«አማት ፊት ማግሳትም ነውር ነው። ለሱ ከሹመት ያስወርዱሃል?»

«ርኩሰት!»

«እሱን ወንዝ ወርደህ ትታጠበዋለህ።»

ይሄኔ ጆሮው የደከመው ኦፓኒን ባዱ፣ ስለ ምን እንደሚወራ ሳይገባው፣ «ስንት በግ ነው?» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ አለቀ፤ ከዚያ ሽማግሌ በቀር ማንም ያላነሳው ጥያቄ ነበርና። እኛ ጋ በግ የሌለው ጥፋት የለም። በርጩማውን የሰደበ በግ ያመጣል። የሰው ሚስት የነካ በግ ከነመጠጡ ያመጣል። በተከለከለው ቀን እርሻ የወረደም ያመጣል። ደሙ ይፈሳል፣ ሥጋው ይበላል፣ ነገሩ ይቀበራል፣ ከዚያ በኋላ ያነሳው ሰው ራሱ በግ ይከፍላል። ታቢሪ ከዘራውን መሬት ላይ ተከለና «ይኼ ሕግ በግ አያውቅም» አለ። «በዚህ ቃል የተያዘ ሰው እስኪሞት የተያዘ ነው። እንግዲህ በግ የማይታረድለት ነገር ብላችሁ ያዙት።» እኛም እንዲያ ብለን ያዝነው።

አሁን ስማኝ። ለካፖርቱ በግ አለ። ሌላው ቢቀር እኔው አርድልህ ነበር። እንቅልፍ የነሳኝ ወንድምህ ነው። የገበያ ልጆች «ካፖርት! ካፖርት መጣ!» እያሉ ይከተሉታል፤ በዚህ ሙቀት! ሚዛኑን ለሌላ ሰው ለቋል፤ ገበሬዎቹ እሱ የመዘነላቸውን ጆንያ ጥግ ወስደው ደግመው ሲያነሱት አይቶ ነው። ቤት መጥቶ አጥር ሲጠግን ይውላል፤ ያልፈረሰውን አጥር።

የምጠይቅህ አንድ መስመር ነው፣ በፓስፖርቱ የሄድኩት እኔ ክዋኩ ሳርፖንግ ነኝ፣ ካፖርቱንም የወሰድኩት እኔ ነኝ የሚል። ሸንጎው በጁላይ ይቀመጣል።

እናትህ ናና አፉዋ


ለንደን፣ ጁን 29 ቀን 1997

ለተከበሩ እናቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ሁላችንም ደህና ነን ለማለት ያህል ደህና ነን።

ደብዳቤዎን ስንት ጊዜ አጥፌ እንደዘረጋሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ጋራዥ ውስጥ «መንሳ!» ብለው ሲጠሩኝ እደነግጣለሁ፤ ይህን ያህል ዓመት ሳልደነግጥ አቤት ስል የኖርኩበት ስም ነው።

እናቴ፣ እርስዎ አንድ መስመር ይሉታል። ለእኔ ቤቴ ነው። ልጆቼ ትምህርት ቤት ባፎ ተብለው ነው የሚጠሩት። የጋብቻ ወረቀቴ ባፎ ይላል። የዜግነት ማመልከቻዬ የመንግሥት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ካፖርቱን ከረጅም ጊዜ በፊት ስለሆነ አልፈውልኝ ነበር። የሰው ስም ይዤ መግባቴን ግን አያልፉልኝም። አሲባይን የጓደኛዬ ጉዳይ ነው ብዬ ጠየቅሁት፤ «ጓደኛህ ሻንጣውን ያሰናዳ» አለኝ። ደግሞ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ፓስፖርቱን ከሳጥን ያወጡት እርስዎ ነዎት። እኔ አልሰረቅሁትም።

ሌላ መንገድ አለ። መንሳ ወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ መንሳ ባፎ ነው ይበል። ለንደን ውስጥ መንሳ ባፎ ሞልቷል፤ እዚህ ድንጋይ ቢወረውሩ አንዱን መንሳ ይመታል። ማን ሄዶ ይቆጥራል? ለጠበቃው የሚያስፈልገውን እኔ እችላለሁ። ለበዓሉም ጄኔሬተር ካስፈለገ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ


ኦዱምክሮ፣ ጁላይ 27 ቀን 1997

ለክዋኩ፣

ሰላም ለቤትህ። ፓስፖርቱን እኔ ማውጣቴን አልረሳሁትም፤ ማስታወስህ ግን አንጀቴን አቁስሎታል።

ሸንጎው ተቀመጠ። ያስተማርከውን ውሸት ለመንሳ ነገርኩት። «እሺ እማ» ብሎ ወጣ። ሚዛን ላይ የሚያውቁት ገበሬዎች በጭነት መኪና ተጭነው ሊመሰክሩለት መጥተው ነበር፤ በዚያ ዓመት ከእኛ ጋር ነበር ሊሉ። በር ላይ ቆሞ መለሳቸው። ለምን እንደመለሳቸው ይገባሃል። እሱ እዚህ ነበረ ካሉ፣ ታዲያ የሄደው ማነው ይባላል።

ሰብሳቢው ወረቀቱን አሳይተው «ይህ ሰው አንተ ነህ?» አሉት።

«ስሙ የኔ ነው።»

«ለንደን ሄደህ ታውቃለህ?»

«ስሜ ሄዷል።»

ሰው ሳቀ። ሰብሳቢው አልሳቁም። «ስምህን ይዞ የሄደውስ ማነው?» አሉት። መንሳ እግሩን እያየ ዝም አለ። ጠበቁት። ፎርኩዎ እንኳን ጉሮሮውን መጥረግ ትቶ ጠበቀ። እኔ እዚያው ከጎኑ ተቀምጬ ነበር፤ አፌን ሞልቼ የነገር ሁሉ እናት ነኝ የምል ሴት፣ አንድ ቃል አልወጣኝም። አንዱን ልጄን ላውጣ ብል ሌላውን ላስገባ ሆነብኝ። ሰብሳቢው «መልስ ከሌለህ ወረቀቱ ይጸናል» አሉ። ጸና። ቃሉም ተጻፈበት።

አሁን ደግሞ የሚያስቅህን ልንገርህ። በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ በረንዳዬ ላይ ተሰበሰቡና «ለምን ክዋኩን አታጪልንም?» አሉኝ። ለንደን የኖረ ነው፣ ድምፅ ማጉያ የላከ ነው፣ በስሙ አንድም የክስ ወረቀት የሌለበት ነው አሉ። እውነታቸውን ነው። በምን ስም እንደሄድክ ከቤታችን ውጭ የሚያውቅ የለም፤ በወረቀት ላይ ከሳጥን እንደወጣ አቡጀዲ ነጭ ነህ። ፎርኩዎ ሳይቀር የሚቃወምበት አጣ። ስለዚህ ሁለተኛውን እጩዬን ተናገርኩ። አጭቼሃለሁ።

መንሳን ጠየቅሁት። «መልካም ነው» አለ። በሹመትህ ቀን ሦስት ጊዜ ወደ በርጩማው ዝቅ ሲያደርጉህ ብብትህን ይዘው ከሚያወርዱህ አንዱ እሱ ይሆናል፤ የዘመድ ወግ ነውና አልከለከልኩትም። ጫማ ሠሪው የሹሙን ጫማ ሊጀምር ነው። የእግርህን ልክ በወረቀት ሥለህ ላክልኝ። ሌላ የምጠይቅህ ነገር የለም።

ናና አፉዋ ድዎሞ


ለንደን፣ ኦገስት 10 ቀን 1997

ለእናቴ ለናና አፉዋ ድዎሞ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደብዳቤዎ በደረሰኝ ሳምንት መልስ እየጻፍኩ ነው።

ያሰብኩትን ልንገርዎ፤ አልደብቅም። ደስ አለኝ። ወረቀቱን ወለል ላይ ዘርግቼ እግሬን አስቀምጬ ዙሪያውን በእርሳስ ሣልኩ። በዣንጥላው ሥር ተሸክመውኝ በገበያው መሐል ሳልፍ አየሁት። ፎርኩዎ ትከሻውን ገልጦ እጅ ሲነሳኝ አየሁት። ጋራዥ ውስጥ ባልዲ ይዤ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ። ዶሪን «ሎተሪ ደረሰህ እንዴ?» አለችኝ።

ኮምፎርት ግን ወጥ እያማሰለች ጠየቀችኝ። «በየትኛው ፓስፖርት ነው የምትሄደው?» አለች።

«ባለኝ ነዋ።»

«እህ፣ መንሳ ባፎ ሆነህ ትወርዳለህ። ከአውሮፕላን ጣቢያ በመኪና ሊቀበልህ የሚመጣውስ ማነው?»

«መንሳ ነዋ።»

«ታዲያ ፖሊሱ መንሳ ባፎ ብሎ ሲጣራ ማንኛችሁ ናችሁ አቤት የምትሉት? እሱ እንደሆነ መቼም ዝም ይልልሃል። ለምዶታል።»

ማማሰያዋን ድስቱ ላይ አንኳኳችና ወጡን ማማሰሏን ቀጠለች። ለእኔ ግን መንሳ ብብቴን ይዞ ሲያወርደኝ ታየኝ፤ እጁ ታየኝ፣ ያ ሚዛን የያዘ እጁ። ካፖርቱን የለበስኩት እኔ ነኝ፣ እሱ በዚያ ሙቀት ለብሶት ይዞራል፣ አሁን ደግሞ በርጩማውን ልውሰድበት ነው። መዝገበ ቃላት ገልጬ፣ ሰው ጠይቄ ስፈልገው የከረምኩትን ያን ቃል ለካ ያገኘሁት ወለል ላይ እግሬን ስሥል ነበር። አፈርኩ፤ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ማግስቱን አሲባይን ይዤ ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። ያ ጓደኛዬ ያልኩህ እኔ ነኝ አልኩት። «አውቄ ነበር» አለኝ። ቃሌን ሰጥቼ ፈርሜያለሁ፤ አንዱ ቅጂ ለዚህ አገር መንግሥት፣ አንዱ ለሸንጎው ነው። የሸንጎው ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሴሊና እጅ ይደርስዎታል። ጠበቃው እንደሚለው እኔን መመለሳቸው አይቀርም። የኮምፎርትና የልጆቹ ነገር ገና አልታወቀም። ኮምፎርት አለቀሰች፣ ከዚያ ልብሴን መተኮስ ጀመረች። እኔ ፈርቻለሁ እናቴ፤ በጣም ፈርቻለሁ።

ይህን የምጽፍልዎ የእግሬን ልክ በሣልኩበት ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። ልጆች ሳለን በአንድ ጫማ ስንፈራረቅ ያደግን ነንና ልኩ የመንሳም ልክ ነው። ጫማውን ለእሱ ያሠሩለት።

በግ የማይታረድለት ነገር ያላችሁትን አንብቤያለሁ። ይታረድልኝ ብዬ አልጠይቅም።

ክዋኩ ሳርፖንግ


ኦዱምክሮ፣ ኦክቶበር 12 ቀን 1997

ለልጄ ለክዋኩ ሳርፖንግ፣

ሰላም ለአንተ፣ ሰላም ለኮምፎርት፣ ሰላም ለልጆቹ። ያለፉት እናቶቻችን ስትመጣም ስትሄድም መንገድህን ይያዙልህ። ስምህን ሙሉውን ጽፈህ ሳየው ወረቀቱን ለታቢሪ ሰጥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። እንባዬን ሽማግሌ እንዲያየው አልፈልግም።

ሸንጎው ቃልህን አስነበበ። ሰብሳቢው ሁለተኛ ጊዜ አነበቡትና ወረቀቱ የመንሳ አይደለም አሉ። በፓስፖርቱ ነገር እኔንም ገሠጹኝ፤ ይገባኛል፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ ተቀበልኩ። ያን ቃል ከመንሳ ስም ላይ ሰረዙት። ፎርኩዎ «ታዲያ በክዋኩ ላይ ይጻፍ» ብሎ ተነሳ። ሰብሳቢው «ክዋኩ በርጩማ እየጠየቀ ነው?» አሉት። ተቀመጠ። ሦስተኛውንና የመጨረሻውን የማጨት ተራዬን ለመንሳ ሰጠሁ፤ ተቀበሉት። ጫማው በአንተ እግር ልክ ተሠርቶ ልክክ ብሎታል።

ስለ ልጆችህ ስም ለመንሳ ነገርኩት። «ባፎ ይባሉ፤ የሰጠሁትን አልመልስም» አለ። ለኮምፎርት ይህንኑ ንገራት፣ ጓዳውም ሁለተኛው ክፍልም እየተለሰነ ነው በላት።

አሁን ደግሞ ቅሬታዬን ስማ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ሳለ እኔ ለክዋኩ ነገር በግ የለም ብለን ወስነናል አልኩ። አፌን ይቁረጠው። መንሳ ተነስቶ ወጣ። ማታ ሲመለስ ነጭ ጠቦት በገመድ እየጎተተ ነው። «ይኼ ለምን?» አልኩት። «ለሱ ነዋ» አለኝ፤ ወደ ጓሮ ወስዶ ከኮኮዋ ማድረቂያው ሥር አሠረው። ሹም ሊሆን የቀረበ ሰው ነውና ምን ልበለው። ኦፓኒን ባዱ ብቻ ነው በጩኸት «አላልኳችሁም?» ያለን፤ የሰማው ግን ምን እንደሆነ አላውቅም።

ባለጉዳዩ ራሱ ቆሞ እጁን ሳይጭንበት በጉ አይታረድም። ስለዚህ መቼ እንደሚልኩህ ጠይቅና አታዘግየው። የፕላንቴኑን ልጣጭ ከእጄ መብላት ጀምሯል፤ ጠዋት ጠዋት ድምፄን ሲሰማ ይጮሃል። ቶሎ ና ልጄ፣ በጉ እየለመደኝ ነው።

እናትህ አፉዋ